አሰላን የሚያስነብቡ መጻሕፍት

የከተማን ታሪክ መማር የኅብረተሰብን ግንኙነት መማር ነው። መሬቷ በማን እጅ እንደ ነበረ፣ ማን አከራይቶ ማን ተከራይቶ እንደ ኖረ፣ ከገጠር ተገፍቶ ወደ ጎዳናዋ የመጣው ማን እንደሆነ የማይገልጽ ድርሰት የከተማን ታሪክ በሙሉ ገለጸ ሊባል አይችልም። በዚህ መመዘኛ ስለ አሰላና ስለ አርሲ ደጋ ለሚያጠኑ መምህራን፣ ካድሬዎችና የኪነ ጥበብ ሠራተኞች የሚጠቅሙ ጥቂት መጻሕፍትን ከነጉድለታቸው እናመለክታለን።

መነሻ የሚሆነው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1985 በሁለት ቅጾች ያሳተሙት የኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ነው። ሥራው ከመካከለኛው ዘመን አንሥቶ እስከ ጣሊያን ወረራ ዋዜማ ይዘልቃል። «ከተማ» የሚለው ቃል ቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት እንደ ነበረ ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ሰፈር እንዴት ወደ ገበያና ወደ ቋሚ መኖሪያ እንደሚለወጥ ያስተምረዋል። ሆኖም ደራሲው በተጓዦች ማስታወሻ ላይ አብዝተው ስለተመረኮዙ ብርሃኑ በይበልጥ የሚያርፈው ተጓዦቹ ባዘወተሯቸው በጎንደር፣ በሐረር፣ በምጽዋና በአዲስ አበባ ላይ ነው።

ለአርሲ ይህን ክፍተት የሚሞላው ዶክተር አባስ ሐጂ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት፣ ከ1880 እስከ 1974 ያለውን የአርሲ ኦሮሞ የወረራና የተጋድሎ ታሪክ የያዘው ጥናት ነው። ሕዝቡ የምኒልክን ጦር እንዴት እንደ ተከላከለ፣ ከድሉ በኋላም መሬት ለሹማምንትና ለነፍጠኛ ሲከፋፈል ባለርስቱ እንዴት ወደ ጭሰኝነት እንደ ወረደ ያስረዳል። መጽሐፉ የአንዲት ከተማ ታሪክ ባይሆንም፣ አሰላን የመሰለች የአስተዳደር ከተማ የቆመችበትን መሠረት ያለ እርሱ መረዳት ያዳግታል።

ሦስተኛው ምዕራፍ የካዱ ነው። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ ተቋቁሞ ዋና ጽሕፈት ቤቱን በአሰላ አደረገ። ስለ ድርጅቱ ቤንግት ኔክቢ በ1971፣ ጆን ኮኸን ደግሞ በ1987 የጻፏቸውን ሁለት መጻሕፍት አጎራብቶ ማንበብ ይበጃል። የመጀመሪያው ሥራው ገና በመካሄድ ላይ ሳለ የተጻፈ ሲሆን ሁለተኛው ከመሬት ይዞታ ለውጥ በኋላ ወደ ኋላ ተመልክቶ የሚመዝን ነው። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ምርትን ከፍ ሲያደርጉ መሬት ተወደደ፤ ባለመሬቱም ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አፈናቀለ። ለእኛ ዐቢዩ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። ከተፈናቃዮቹ መካከል ወደ ከተማ የዘለቀው በማን ጓሮ ተጠለለ? በምን ሥራ አደረ? የልማት ጥናት ሚዛኑ ኩንታልና ሄክታር ስለሆነ፣ የከተማው ኑሮ በዚህ ሚዛን አይለካም።

ለዚህ አርአያ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ እንመልከት። የመዲናይቱ መቶኛ ዓመት በኅዳር 1979 ዓ.ም. ሲታሰብ ምሁራን ያቀረቧቸው ጥናቶች ተሰብስበው ታትመዋል። ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት መጽሐፍም የከተማይቱን የቀድሞ ቤቶች እንደ ታሪክ ሰነድ ያነባል። የነዋሪውን ውስጣዊ ኑሮ ለሚሻ ደግሞ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) አለለት፤ የተማረውን የከተማ ሰው የልብ ትግል ልብ ወለድ ምን ያህል ሊገልጽ እንደሚችል ያሳየናል።

አንድ ብርቱ ሐቅ ግን አለ። ስለ አርሲ የጠቀስናቸው ሥራዎች በእንግሊዝኛ ተጽፈው በባሕር ማዶ የታተሙ ናቸው። የኮኸን መጽሐፍ የወጣው በኡፕሳላ፣ የዶክተር አባስ በላይደን ነው። ታሪኩ የተጻፈለት ገበሬ፣ ወዛደርና ተማሪ ሊያነባቸው ካልቻለ፣ ዕውቀቱ ስለ እርሱ ቢሆንም የእርሱ አልሆነም። ስለዚህ ቀዳሚው ተግባር ዋና ዋናዎቹን ምዕራፎች ወደ አፋን ኦሮሞና ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ቀጥሎም መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው የሽማግሌዎችን ትውስታ፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የሆነውን፣ የብቅል ፋብሪካውን ሠራተኞች ኑሮ ይመዝግቡ። ሽማግሌው በሕይወት ሳለ ያልተጠየቀ ጥያቄ ኋላ መልስ አያገኝም። ደራሲያንና ሠዓሊያንም ከዚህ መዝገብ ይቅዱ፤ የአሰላ መጽሐፍ በአሰላ ሊጻፍ ይገባዋልና።