ለጎሽ የተሠራ ስለት

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የፍላጻ ብረት ርዝመቱ 7.5 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጌጥ የለበትም፤ ቀለምም አልነካውም። ሁለቱ ስለቶቹ ከጫፉ ተነስተው ሳይጎብጡ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይወርዳሉ። መሀሉ ላይ ዘንጉ የሚገባበት ቀፎ አለ፤ እሱም ወደ ጫፉ እየቀጠነ ሄዶ ከስለቱ ጋር ይዋሃዳል። ቀፎው የት ላይ አብቅቶ ስለቱ የት እንደሚጀምር በጥፍር እየዳሰሱ ቢፈልጉት አይገኝም፤ ከአንድ ድፍን አረብ ብረት ተፈልፍሎ የወጣ ነውና ብየዳ የለውም። አደን የማያውቅ ሰው እጁ ላይ ቢያስቀምጡለት ጠባብነቱ ይገርመዋል። ለትልቅ አውሬ ሰፊ ስለት የሚያስፈልግ ይመስለዋል። እኔ ግን ይህን ብረት ባየሁት ቁጥር የማደንቀው ጠባብነቱን ነው።

ጎሽ ምን ዓይነት አውሬ እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ብዙም አያስፈልግም። በፉከራችን ከአንበሳና ከዝሆን እኩል ተሰልፎ የኖረ ነው፤ ዛሬም በኦሞ፣ በማጎና በጨበራ ጩርጩራ መንጋው አለ። በቀስት የሚታደነው ግን በአብዛኛው በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ነው። ኮርማው ከ500 እስከ 900 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ቆዳው ወፍራም ነው፤ የጎን አጥንቶቹ ሰፋፊና የተቀራረቡ ናቸው። ልቡና ሳንባው ወደ ፊትና ወደ ታች ዝቅ ብለው ከትከሻው አጥንት አጠገብ ይገኛሉ። ስለዚህ ፍላጻው አንድም አጥንት ሳይነካ ያልፋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ቀስተኛው የሚይዘው ኃይል ደግሞ ትንሽ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች አደገኛ አውሬ ለማደን ከሚፈቀዱት ጠመንጃዎች ትንሹ .375 ካሊበር ነው፤ የዚህ ጥይት ጉልበት ከአፈሙዙ ሲወጣ ከ5,500 ጁል በላይ ነው። 42 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 60 ሜትር ቢወረወር ጉልበቱ 76 ጁል ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከሰባ እጥፍ በላይ ነው። ጥይት ሥጋን ቀጥቅጦና አናውጦ ያልፋል፤ ፍላጻ እንዲህ ያለ አቅም ፈጽሞ የለውም። የሚገድለው ቆርጦ ነው። ሁለቱን ሳንባዎች ከቀደደ ጎሹ ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል፤ ቆዳው ላይ ወይም አጥንቱ ላይ ከቆመ ግን የቆሰለና የተቆጣ አውሬ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ያን አውሬ ተከትሎ የሚገባው ሰው ሕይወትም፣ የእንስሳው ስቃይም በዚህች ትንሽ ብረት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የጠባብነቱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። የፍላጻ ብረት እንጨት እንደሚፈልጥ ሽብልቅ ነው፤ ቁልቁለቱ ረዘም ባለ ቁጥር በትንሽ ግፊት ይገባል። አሜሪካዊው ቀስተኛ ሃዋርድ ሂል የስለት ርዝመት የስፋቱን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት ይል ነበር። ሂል በ1950 አካባቢ አፍሪካ ውስጥ ዝሆን በቀስት የጣለ ሰው ነው፤ ጉዞው በ1952 «ቴምቦ» በተባለ ፊልም ታይቷል። የሦስት ለአንዱ ልክ ከእሱ በኋላ በብዙ ሠሪዎች እጅ አልፏል፤ ከፊቴ ያለው ብረትም ያንኑ ልክ ይዟል። ይህን ብረት ወስደን ርዝመቱን ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ብናሳጥረው የሚከፍተው ቁስል ስፋት ያው ነው፤ ለመግባት የሚጠይቀው ግፊት ግን እጅግ ይጨምራል። ሚዳቋ ላይ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። የጎሽ ጎን ላይ ግን መግባትና አለመግባትን ይለያል።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የደከመው ኤድ አሽቢ የሚባል አሜሪካዊ ዶክተር ነው። በ1980ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ናታል ውስጥ፣ በኋላም አውስትራሊያ ውስጥ በእስያ ጎሾች ላይ ዓይነቱ የበዛ ፍላጻ እየፈተነ የሆነውን ሁሉ መዘገበ። የገባውን ጥልቀት ለካ፤ የተሰበረውንም የታጠፈውንም ብረት መረመረ። ወደ ውስጥ ዘልቆ ለመግባት የሚረዱትን ነገሮች በደረጃ ሲያስቀምጥ አንደኛ ያደረገው ስለትን አልነበረም፤ ክብደትንም አይደለም። የፍላጻው አለመሰበር ነው አንደኛው። ሁለተኛው ፍላጻው ሳይወዛወዝ መብረሩ ነው። ከባድ አጥንትን ለመስበር ደግሞ ፍላጻው ከነብረቱ 650 ግሬይን፣ ማለትም 42 ግራም ያህል መመዘን እንዳለበት ደረሰበት።

አለመሰበርን አንደኛ ማድረጉ ትክክል ነው እላለሁ። ምክንያቱም የታጠፈ ብረት ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። ጫፉ አንዴ ከተጣመመ ፍላጻው አቅጣጫውን ይስታል፤ የቀረችው ጥቂት ጉልበት ብረቱን በማጣመም ታልቃለች። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ ሥራውን ከጫፉ ይጀምራል። ከፊቴ ያለውን ብረት ጫፍ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እንደ መርፌ የሾለ አይደለም። መጨረሻዋ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሆን ተብሎ በሰፋ ማዕዘን ተቆርጣለች፤ ከኋላዋ ወፍራም ብረት ተደግፎ ቆሟል። ቀጭን ጫፍ አጥንት ሲያገኝ ይጠቀለላል። ይህ ግን አጥንቱን ነክሶ ይይዛል፤ በሰያፍ ቢያገኘውም እንኳ ተንሸራትቶ ለመሄድ አይቸኩልም። እንግዲህ ሠሪው ጫፉን እንዲህ ባይቆርጠው ብረቱ ለዓይን ይበልጥ ያማረ በሆነ ነበር። ለዓይን አለመሥራቱን ነው የምወድለት።

ከዚያ ስለቱ አለ። በተለምዶ ቢላ በሁለቱም ፊት ይሞረዳል። የዚህ ብረት ግን እያንዳንዱ ስለት የተሳለው በአንድ ፊት ብቻ ነው። የቀኙ ስለት ከላይኛው ፊት ተሞርዷል፤ የግራው ከታችኛው ፊት። ብረቱን አቁመው ከጫፉ በኩል ሲያዩት ሁለቱ የተሞረዱ ገጾች ተቃራኒ አቅጣጫ ይመለከታሉ። ውጤቱ ብረቱ በገባ ቁጥር መዞሩ ነው። ሥጋ ውስጥ እየዞረ ይሄዳል፤ አጥንት ሲያገኝ ደግሞ ቀዳዳ ከፍቶ በማለፍ ፋንታ አጥንቱን ጠምዝዞ ይሰነጥቀዋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ዘንጉ ተጣብቆ አይያዝም፤ ተከትሎ ያልፋል። አሽቢ በሙከራዎቹ ደጋግሞ የተጠቀመበት ግሪዝሊ የተባለው ብረት በዚህ መንገድ የተሳለ ነበር።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ላክል። ዘንጉ ጭራ ላይ ያሉት ላባዎች ፍላጻውን አየር ላይ ያዞሩታል። ላባው ወደ ቀኝ የሚያዞር ከሆነ ስለቱም ወደ ቀኝ የሚያዞር መሆን አለበት። ካልተስማሙ ብረቱ ገና ቆዳው ላይ ሲደርስ የመጣበትን መዞር አቁሞ ወደ ሌላው መዞር ይኖርበታል፤ እዚያ ላይ የሚባክነው ጉልበት ለአጥንቱ ይፈለግ የነበረ ነው። ላባና ብረት የሚሸጥ ሱቅ ይህን ሳይጠይቅ ቢሸጥልዎ እርስዎ ይጠይቁ።

የአረብ ብረቱን ነገር ባለእጆቻችን ያውቁታል። አግሎ ውሃ ወይም ዘይት ማጠጣት ብረትን ያጠነክራል፤ ከልክ በላይ ከጠነከረ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። መልሰው በልኩ ሲያሞቁት ጥንካሬው ትንሽ ይቀንስና ቻይነቱ ይመለሳል። ለትልቅ አውሬ የሚሠሩት ጥሩዎቹ ብረቶች የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል ሲ ሚዛን በ50ዎቹ ውስጥ ይሆናሉ። ከዚያ ብዙ የላላው አጥንት ላይ ይታጠፋል፤ ብዙ የጠነከረው ይሸረፋል፤ በሜዳ ላይ በሞረድም አይነካም። ትክክለኛውን ቦታ ያገኘ ብረት ስለቱን ይዞ ይቆያል፤ ሲቸግርም ከመሸረፍ ይልቅ ጥቂት ይለጠጣል። ዕቃውን በዓይን አይቶ ይህን ማወቅ አይቻልም። የሠሪው ታማኝነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራውን ሁሉ ያደረገው እሳት ነውና ምልክት አይተውም።

የቀፎውም ስፋት ታስቦበታል። ዘንጉ ከቀፎው ትንሽ ይቀጥናል፤ ብረቱ በከፈተው መንገድ ዘንጉ ሳይታሽ እንዲያልፍ ነው። ቀፎውና ዘንጉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጣትን ሲያሳልፉ እንቅፋት መኖር የለበትም።

ስለ ሌሎቹ ዓይነቶች በአጭሩ። ሌላው አሜሪካዊ ቀስተኛ ፍሬድ ቤር በ1956 ያወጣው «ሬዘርሄድ» ሁለት ዋና ስለት ነበረው፤ በመሀሉ ቀጭን ምላጭ ይገባበታል። ብልህ ሥራ ነው፤ ምላጩ ቁስሉን ያሰፋል፣ ካልተፈለገም ሊወጣ ይችላል። ሦስትና አራት ስለት ያላቸው ለቀላል አውሬ ጥሩ ደም ያፈሳሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ስለት ተጨማሪ ግፊት ይጠይቃል። ስለታቸው የሚቀያየረው ብዙዎቹ ውፍረታቸው አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሲመታ የሚዘረጉት፣ ማጠፊያና ቀለበት ያላቸው ደግሞ ለጎሽ ጨርሶ አይሆኑም፤ ለመዘርጋት የሚያወጡት ጉልበት ከመግባቱ የሚቀነስ ነው፤ ማጠፊያቸውም ቀድሞ የሚሰበር ነው።

ይህን ሁሉ ሳስብ ከሌላ አቅጣጫ የመጡ ጠቢባን ትዝ ይሉኛል። ኬንያ ውስጥ በጻቮ አካባቢ የሚኖሩት ዋታዎች ኦሮምኛ ተናጋሪ ሕዝብ ናቸው፤ ዝሆን በቀስት ሲያድኑ የኖሩ ናቸው። ቀስታቸውን ለመሳብ ከ45 ኪሎ ግራም በላይ ኃይል ያስፈልግ ነበር። የፍላጻቸው ብረት ግን ትንሽ ነበር፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠ፣ አጭር ዘንግ ላይ የተተከለ፣ ከዋናው ዘንግ የሚላቀቅ። እዚያ ላይ መርዝ ይቀባ ነበር፤ በእኛም አገር ከሚበቅለው ምሬንዝ ከሚባለው ዛፍ ተቀቅሎ የወጣ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ነው፤ ልብን ያቆማል። መርዙ ፀሐይና አየር እንዳያደርቀው በስስ ቆዳ ይጠቀልሉት ነበር፤ የሚፈቱት አውሬው ሲታይ ነበር። ጻቮ በ1948 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን አደናቸው ሕገ ወጥ ሆነ፤ በ1950ዎቹም ብዙዎቹ ታሰሩ። የዋታው ብረት ሥራ መርዙን ከቆዳው በታች ማድረስ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ሆነ። የዛሬው ቀስተኛ መርዝ የለውም፤ ስለዚህ የእሱ ብረት ራሱ ቆርጦ መጨረስ አለበት። ሁለቱም ሠሪዎች የጀመሩት «የሚገድለው ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም መልሱን በብረቱ ቅርጽ ላይ በታማኝነት ጽፈውታል።

የመጨረሻው ሥራ የባለቤቱ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ስለት ለጎሽ በቂ ስል ነው ብዬ አላምንም። በ25 ዲግሪ ገደማ የተሞረደውን ገጽ ማዕዘኑን ሳያበላሹ መጀመሪያ በሻካራ፣ ቀጥሎ በለስላሳ መሳያ ድንጋይ መሄድ፤ በሌላው ፊት የሚወጣውን ስስ ልጣጭ በጥንቃቄ ማንሳት፤ በመጨረሻም ቆዳ ላይ እየጎተቱ ማለስለስ ያስፈልጋል። የድሮዎቹ ቀስተኞች በሞረድ ብቻ ሻካራ አድርገው ይስሉ ነበር። እኔ ለስላሳውን እመርጣለሁ፤ ሻካራው ይቧጭራል፣ ለስላሳው ደም ሥሩን ሳይገፋ ይቆርጠዋል። የተወጠረ ላስቲክ ላይ ሲያስነኩት ሳይጫኑት ከበጠሰ ደርሷል። ከዚያ ብረቱን ከዘንጉ ጋር አያይዘው ፍላጻውን በሁለት ድጋፍ ላይ ያሽከርክሩት፤ ጫፉ ክብ ከሠራ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ያ ብረት ወይም ያ ዘንግ ይቅር።

ጎሽን በቀስት ለማደን ለሚነሳ ሰው ምርጫዬ ይህ ነው፤ ሁለት ስለት፣ ሦስት ለአንድ ልክ፣ በአንድ ፊት የተሳለ፣ ከአንድ ድፍን አረብ ብረት የተሠራ፣ ጫፉ የተደገፈ፣ ከ42 ግራም በማያንስ ፍላጻ ላይ የተተከለ። እንዲህ ያለ ፍላጻ የሚወረውር ቀስት ለመሳብ የክንድ ኃይል፣ እስከ 20 ሜትር ለመቅረብም ትዕግሥት የሌለው ሰው ቀስቱን ሰቅሎ .375ቱን ይያዝ።