የሰው ፎርድ አያደምቅ

ባለፈው ሰሞን ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ዊንጌት ስሄድ የዘመናት ባልደረባዬ ቶዮታ ዲኤክስ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ታንቦለቡል ጀመር። አደባባዩ ጋ ሳልደርስ ጥጌን ያዝኩ። ታክሲው ክላክስ፣ ረዳቱ ስድብ፣ መንገደኛው ምክር… በአገራችን መኪና ሲበላሽ መካኒክ ያልሆነ ሰው እንደሌለ ታውቃላችሁ። አንዱ “ቴርሞስታት ነው” ይላል፤ ሌላው “የቴስታታ ጋርኒሲዮን በልቷል፣ አለቀላት” ብሎ መርዶ ይነግራል። በመጨረሻ ሦስት ጎረምሶች ገፍተው ከዋናው መንገድ ገባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ አስገቡልኝ።

ሁሉም “ጋሼ” የሚሏቸው ሸምገል ያሉ መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው አዩና፣ “ትብረድ፤ እስከዚያው ቁጭ በል” አሉኝ። ቁጭ የሚባለው ከድሮ ሚኒባስ በተነቀለ ወንበር ላይ ነው። እዚያ ላይ ሦስት ሰዎች ቀድመውኝ ተቀምጠው ሞቅ ያለ ክርክር ይዘዋል። ርዕሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፎርድ! የአሜሪካኑ ፎርድ! በግቢው ውስጥ ከቆሙት ሰባት መኪኖች ስድስቱ ቶዮታ፣ አንዱ ላዳ ናቸው። ፎርድ የሚባል ለመድኃኒት የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ራዲያተር እስኪበርድ ሥራ የለኝምና ጆሮዬን ሰጠኋቸው። የሰማሁትን ዛሬ ልተች ነው። (የፈረንጁን ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የኛን በኛ እየጠራሁ እሄዳለሁ።)

የመጀመሪያው ተከራካሪ ሙስታንግ የሚል ኮፍያ የደፋ ወጣት ነው። “እንደ ሙስታንግ ያለ መኪና በምድር ላይ አልተሠራም” ይላል። የት እንዳያት ስጠይቀው “ፊልም ላይ” አለኝ፤ ሳያፍር። ለእሱ ሙስታንግ የሀብታም ቅንጦት፣ የኮከብ ተዋናይ መጫወቻ ናት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የሙስታንግ ሥሯ ሌላ ነው። በሚያዝያ 1964 ለገበያ ስትቀርብ መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። ከውስጥ ስትታይ ፋልከን የምትባለው የፎርድ ርካሽ የቤተሰብ መኪና አካል ናት፤ ከላይ ሌላ ልብስ አልብሰዋት። ለጀማሪ ሠራተኛና ደመወዙ ለማያወላዳ ወጣት የተሠራች መኪና ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22 ሺህ ያህል ትእዛዝ የጎረፈላትም ለዚህ ነው። እንግዲህ የኛ ወጣት ሙስታንግን የሚያፈቅራት በተሠራችበት ምክንያት ሳይሆን በተቃራኒው ነው። እሷ “ለአንተም ትሆናለህ ያሉኝ ነኝ” ስትል፣ እሱ “ለእኔ የማትሆን ስለሆንሽ ነው የምወድሽ” ይላታል።

ሁለተኛው ባለ ቪትዝ ነው። የረጋ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው። ለየትኛውም መኪና ያለችው ጥያቄ አንዲት ብቻ ናት፤ “ሲሸጥስ?” ሞተሩ እንዲህ ነው ብትሉት፣ “ሲሸጥስ?” ወንበሩ ቆዳ ነው ብትሉት፣ “ሲሸጥስ?” እሱ እንደሚለው ፎርድ ዕቃው አይገኝም፤ ዕቃው ካልተገኘ ገዢ የለም፤ ገዢ ከሌለ መኪና ሳይሆን ጌጥ ነው። እውነቱን ለመናገር አልፈርድበትም። ብሩ ዓመት በዓመት እየቀለለ በሄደበት አገር አሮጌ ቶዮታ ከባንክ ደብተር የተሻለ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ የገዛኸውን ከአምስት ዓመት በኋላ አትርፈህ የምትሸጥበት የመኪና ገበያ በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ግን ይኼም ቢሆን የመኪና ፍቅር አይደለም። የገንዘብ ፍቅር ነው፤ ጎማ ያለው።

ሦስተኛው ዋሽንግተን ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቶ የተመለሰ ሰው ነው። ከሦስቱ ዝምተኛው እሱ ነበር። ገፋ አድርገን ስንጠይቀው፣ “እኔ ፎርድ ነድቻለሁ። ክራውን ቪክቶሪያ። ምንም አትልም” አለ። በቃ፤ ይኼው ነው። አንባቢ ሆይ፣ የዋሽንግተንን ታክሲ ከጀርባው የሚያውቁት ወገኖቻችን እንደሆኑ መቼም ሰምተሃል። ክራውን ቪክቶሪያ የአሜሪካ ፖሊስም ታክሲም የነበረች ረዥም መኪና ናት። እንደ ጭነት መኪና አካሏ ለብቻ በቻሲስ ላይ የተቀመጠ፣ የኋላ ጎማዋ የሚገፋት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር። ተገጭታ ትነሳለች፤ ሌት ተቀን ትነዳለች፤ ዕቃዋ በየጥጉ አለ። ነዳጅ ግን ትጠጣለች፤ ስትጠጣም አትጠግብም። ፎርድ በ2011 ማምረቱን አቆመ። ከዚያ ወዲያ ሰውዬውም እንደ ብዙ ባልደረቦቹ ቶዮታ ገዛ። “አዝነህ ነበር?” ስለው፣ “ለሷ አዝኛለሁ። ለፎርድ ግን አላዘንኩም፤ እሱ ነው የተዋት” አለኝ።

ከሦስቱ አስተያየት ክብደት የሰጠሁት ለዚህኛው ነው። ለምን ቢባል መኪናዋን በዓይኑ ወይም በኪሱ ሳይሆን በእጁ ያወቃት እሱ ብቻ ነው። ፎርድ ራሱ የተፈጠረው ከዚህ ዕውቀት ነበር። ሄንሪ ፎርድ በ1908 ያወጣት ሞዴል ቲ ውበቷ አልነበረም ያሸጣት፤ እንዲያውም ከ1914 እስከ 1925 ድረስ በጥቁር ቀለም ብቻ ነበር የምትሠራው። ያሸጣት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዋጋዋ ከ800 ዶላር በላይ ጀምሮ ኋላ ከ300 በታች መውረዱ። ሁለተኛ፣ ገበሬው በረቱ ውስጥ በመፍቻና በመዶሻ ሊጠግናት መቻሉ። እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ተሸጠች። አሁን ይኼን መግለጫ ይዛችሁ በዊንጌት ጋራዦች ዙሩና የምትመስላትን መኪና ፈልጉ። የኔዋ ዲኤክስ ናት! የሄንሪ ፎርድን ሐሳብ ወደኛ ያመጣው ቶዮታ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ኮፍያ ያጠለቀው ግን አልተሸነፈም። “ችግሩ ማስታወቂያ ነው። ፎርድ እዚህ ቢያስተዋውቅ ኖሮ…” አለ። ኧረ ተው ልጄ! ከማስታወቂያስ የሚበልጥ ማስታወቂያ አግኝቶ ነበር። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር በዋሽንግተን ጎዳና የታዩት ጣራው በተከፈተ ሊንከን ነው። ሊንከን ደግሞ የፎርድ ልጅ ነው። (ሁለት ወር ሳይሞላ ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተመቱት በዚያችው መኪና ውስጥ ነበር።) ከንጉሠ ነገሥት የበለጠ አስተዋዋቂ ከየት ይመጣል? ሆኖም በኛ ሰው ትዝታ ውስጥ ከንጉሡ ስም ጋር የተጣበቀችው መኪና ሊንከን አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ያወጣቻቸው ቮልስ ናት። ቮልስን ጎረቤታችን ነበረው፤ አስተማሪያችን ነበረው፤ ገፍተናታል፤ ከውስጧ ተጨናንቀን ተሳፍረናል። ሊንከንን በፎቶግራፍ አየናት፤ አለፈች።

ማስታወቂያ ብቻውን እንደማይበቃ ፎርድ በራሱ አገርም ተምሯል። በ1957 ኤድሰል የምትባል መኪና ከበሮ አስመትቶ፣ ሰውን ለወራት አጓጉቶ አወጣ። ሕዝቡ መጥቶ አያት፤ ወደ ቤቱም ተመለሰ። በ1959 ማብቂያ ሥራዋ ቆመ፤ ኪሳራውም ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል።

በእኛ አገር ደግሞ የመኪና ማስታወቂያ የሚነገረው በጋራዥ ወንበር ላይና በሱማሌ ተራ ነው። ስፖኪዮዋ ተሰርቆ በማግስቱ ሱማሌ ተራ የማይገኝላትን መኪና ማንም አይገዛም። ሌባው እንኳ ገበያውን አጥንቷል!

ደግሞስ ስሙን ነው የምንወደው? አንድ ነገር ልጨምር። ገጠር ለገጠር የሚንከራተት መንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚምልባት ላንድሮቨር ከ2000 እስከ 2008 ድረስ ባለቤቷ ፎርድ ነበር፤ ኋላ ለሕንዱ ታታ ሸጣት። የጃፓኑ ማዝዳ ሲሶው ለዓመታት በፎርድ እጅ ነበር። ታዲያ “የአሜሪካ መኪና ለኛ አይሆንም” እያለ በማዝዳ ፒክአፕ ሽንኩርት ያመላለሰ ነጋዴ ሁሉ ሳያውቀው የፎርድ ዘመድ ሆኖ ኖሯል። የስም ክርክራችን ምን ያህል ባዶ እንደሆነ እዩልኝ።

ወሬው በዚህ ሁኔታ ወደ መጪው ዘመን ተሻገረ። እዚህ ላይ ሁሉም ነቢይ ሆነ። ፎርድ ይሞታል፣ አይሞትም። እኔ የማውቀው ይኼን ነው። ፎርድ በ2018 በሰሜን አሜሪካ ከሙስታንግ በቀር የቤት አውቶሞቢል መሥራት እንደሚተው አስታወቀ፤ በፒክአፕና በትልልቅ መኪና ላይ ጣለው። በ2022 ዝነኛውን ኤፍ-150 ፒክአፕ በኤሌክትሪክ አደረገና ላይትኒንግ፣ ማለትም መብረቅ፣ ብሎ አወጣው። መብረቁ ብዙ አልቆየም። በታኅሣሥ 2025 በባትሪ ብቻ የሚሄደውን ማምረት እንደሚያቆም፣ ከኤሌክትሪክ ዕቅዱ ጋር በተያያዘም ወደ 19.5 ቢሊዮን ዶላር ከሒሳቡ እንደሚቀንስ ተናገረ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጂም ፋርሊ በ2024 የተናገሩት ነው። የቻይናውን የሻዎሚ ኤሌክትሪክ መኪና አስመጥተው ስድስት ወር ሲነዱ እንደቆዩና መመለስ እንዳልፈለጉ በአደባባይ አመኑ። የፎርድ አለቃ ቻይና ሲነዳ ዊንጌት ላይ ፎርድ ወይም ሞት እንላለን!

እኛስ? በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። አሜሪካ የተወላወለችበትን እኛ በአንድ ጊዜ ዘለልነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፤ መብራቱን ግን ከውሃችን እናገኘዋለን፤ የዓባይ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሐሳቡን አልቃወምም፤ እንዲያውም የሚያስኬድ ነው። መንገዱም ይኸው በቻይና መኪኖች ተሞልቷል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ይኼ ሁሉ ሲወራ አንድም ቃል ያልተናገሩት ጋሼ ነበሩ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡና “ስለ ኤሌክትሪኩ ምን ይላሉ?” አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ “እኔ መኪና የማክመው በጆሮዬ ነው። አስነሳው እለዋለሁ፤ ካንዴላ ይሁን ኩሽኔታ ድምፁ ይነግረኛል። ዝም የሚል መኪና ምኑን አዳምጠዋለሁ?” አሉ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ረዳቶቻቸው አገጫቸውን ቀሰር አድርገው፣ “እኔስ በቃኝ። እነዚህ ናቸው” ብለው ዝም አሉ።

እኔም ዝም አልኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሦስቱንም ሰዎች ክርክር በልቤ ሳሾፍበት ነበር፤ እኔም ራሴ ስለ ዋጋና ስለ ስም ሳስብ እንደቆየሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቶዮታን የኛ ያደረገው የጃፓን ጥበብ ብቻ አይደለም። ኩሽኔታና ፍሪሲዮን ከጣሊያን ቃል ወርሰው፣ የጃፓን ብረት እየፈቱ፣ ያለ መጽሐፍ የተማሩ እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። አዲሱን መኪና እንግዲህ ማን የኛ ያደርገዋል? ባትሪው ሲደክም ማን ይከፍተዋል? ከቅርባችን ያለው የጀነራል ዊንጌት ግቢ አንድ ጊዜ ስም ያለው የቀለም ትምህርት ቤት ነበር፤ ኋላ የሙያ ማሠልጠኛ ሆኗል። ልጆቹን ለዚህ ዘመን የሚያበቃ እንዲህ ያለ ቦታ አለን። ነገር ግን ስለ ቀረጡና ስለ ዋጋው ከምናወራው ሩቡን ያህል እንኳ ስለዚህ ስናወራ አልሰማሁም። ሞዴል ቲን ያለ ገበሬው መፍቻ፣ ዲኤክስን ያለ ጋሼ ጆሮ አስቡት። መኪና ያስገባ አገር ሁሉ መኪና አለው ማለት አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? የሰው ፎርድም አያደምቅም፤ የሰው ቻይናም እንዲሁ።

ለማንኛውም ዲኤክሴ በረደች። ጥፋቱ የራዲያተር ቱቦ መሰንጠቅ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የቴስታታው መርዶ ውሸት ነበር። ጋሼ አዲሱን ቱቦ ሲያጠብቁ ባለ ሙስታንጉ ወጣት ተነስቶ የስልኩን ባትሪ አበራላቸው። ኮፍያው ጥላ ስለጣለባቸው አወለቀው። ከዚያ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ፣ “ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?” ሲል ሰማሁት።

በዚያ ከሰዓት ከሰማሁት የመኪና አስተያየት ሁሉ ይቺ ጥያቄ በለጠችብኝ። ከፈልኩና ወጣሁ፤ እነሱ ግን ገና አልጨረሱም ነበር።