«ጉልበት» በዓምድ አናት ላይ፦ ስለ እንቅስቃሴ ቀረጻ ቃላት የቀረበ ሂስ

በደሴ ከተማ፣ በሆጤ ሜዳ፣ ኳስ የሚለጋ ወጣት እንቅስቃሴ በካሜራ ተቀርጾ በኮምፒዩተር ቢሰላ፣ ውጤቱ በመጨረሻ የሚያርፈው በሰንጠረዥ ፋይል ውስጥ ነው። በየረድፉ አንድ ቅጽበት፣ በየዓምዱ አንድ ልክ ይቀመጣል። ካሜራው በሰከንድ 100 ምስል የሚያነሳ ከሆነ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ 6,000 ረድፍ ይሞላል። ይህን ሁሉ አሃዝ ለአንባቢ የሚፈታለት በዓምዱ አናት ላይ የሰፈረ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ነው። ሂሳችንም በዚሁ ቃል ላይ ያተኩራል።

አሠልጣኙ በዓምዱ አናት ላይ «ጉልበት» ብሎ ቢጽፍ፣ ፋይሉ የደረሰው የኮምቦልቻ ባልደረባው 47 የሚለውን አሃዝ ምን ብሎ ያንብበው? የጉልበቱ መታጠፍ በዲግሪ ነውን? ወይስ ኳሱ የተመታበት ብርታት በኒውተን? በንግግር «ጉልበቴን አመመኝ» እና «ጉልበት የለኝም» የሚሉትን የሚያምታታ የለም፤ አውዱ ይለያቸዋልና። የሰንጠረዥ ዓምድ ግን አውድ የለውም። «እግር»ም ከታፋ እስከ ጣት ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል፤ «እጅ»ም እንደዚሁ። ስለዚህ «የቀኝ ጉልበት መገጣጠሚያ ማዕዘን፣ በዲግሪ» ተብሎ ሙሉው ይጻፍ እንላለን፤ ርዝመቱ አያስፈራንም።

የሙያው ስም ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ተመልሶ «እንቅስቃሴ መያዝ» ቢባል ተቃራኒውን ያሰማል፤ የተያዘ ነገር የቆመ ነውና። «ቀረጻ» በድምፅና በምስል ሥራ የተለመደ ስለሆነ እርሱን እንመርጣለን። ይሁን እንጂ ቀረጻው የሚሰጠው በአካል ላይ ያሉ ነጥቦች በየቅጽበቱ የነበሩበትን ቦታ ነው። ማዕዘንና ፍጥነት የሚገኙት ከዚያ በኋላ በስሌት ነው። የስሌቱ ዘዴ ቢለወጥ፣ ቀረጻው ሳይነካ አሃዙ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ፋይል «የቀረጻ ውጤት» ብሎ መሰየም የተሰላውን እንደተለካ አድርጎ ማቅረብ ነው፤ «የስሌት ውጤት» ይባል።

ከሁሉ የከፋው «በነጠላ ሰረዝ የተለየ ፋይል» የሚለው ትርጉም ነው። የእኛ ነጠላ ሰረዝ «፣» ሲሆን ፕሮግራሙ የሚጠብቀው መለያ ግን የላቲኑ «,» ነው። ሁለቱ በዩኒኮድም የተለያየ ቁጥር አላቸው፤ የግዕዝ ፊደል ወደዚያ ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነበር። ትርጉሙን አምኖ «፣» የሚጽፍ ሰው የረድፉ አሃዝ በሙሉ በአንድ ዓምድ ታጭቆ ያገኘዋል። በአንጻሩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳን «1,250» ብሎ ሳይጠነቀቅ ቢያስገባ ለሁለት ይከፈልበታል። (በጀርመንና በፈረንሳይ «,» የአስርዮሽ ምልክት ስለሆነ ዓምድ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምልክት ነው።) እንግዲህ የባዕዱ ምልክት በባዕድ ስሙ «ኮማ» ይባል፤ «በኮማ የተለየ ፋይል» ማለት ለአማርኛ ውርደት አይደለም። የአገር ቃል የምንወደውን ያህል ሐሰተኛ ፍቺን እንጠላለን።

ረድፍና ዓምድ የሚገናኙበትን ክፍል «ህዋስ» ማለትም ከሥነ ሕይወት የተወሰደ አላስፈላጊ ብድር ነው። ልጆች በሒሳብ ትምህርት «የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት» ይላሉ። አሃዝ የሚያድርበት ስፍራ «ቤት» መባሉን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቁታል።