ሦስት ሜትር ላይ

የማኑዋል ፎከስ ፊልም ካሜራ ወዳጆች ሲያወድሱት ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት ዝግታውን ነው። ያረጋጋል፣ ያሳስባል፣ ትዕግሥት ያስተምራል ይላሉ። እኔ የእንጀራዬን ሥራ፣ ሠርጉንና ምርቃቱን፣ በዲጂታል አውቶ ፎከስ እየሠራሁ ለራሴ የማነሳውን በኒኮን ኤፍኤም2 የማነሳ ሰው ነኝ፤ ይህ ውዳሴ ግን አይዋጥልኝም። ዝግታ ካማረኝ ዲጂታሉንም ይዤ መዘግየት እችላለሁ። ኤፍኤም2ን የምይዘው ሰው በበዛበት ቦታ ስለሚፈጥንልኝ ነው።

ባለ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 8 ላይ ሆኖ የርቀት ቀለበቱ 3 ሜትር ላይ ሲቆም፣ ከ2 ሜትር ገደማ እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ስሌቱን መሸምደድ አያስፈልግም፤ የድሮ ሌንስ ከርቀት ቁጥሮቹ ሥር ግራና ቀኝ በተቀረጹት መስመሮች ከየት እስከ የት እንደሚጠራ ይናገራል። የጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ከጃን ሜዳ ሊመለሱ ሲነሡ፣ ካሜራው ገና አንገቴ ላይ እያለ የፎከስ ሥራ አልቋል። የቀረኝ ወደ ዓይኔ አንሥቶ መጫን ነው። አውቶ ፎከስ እዚያው ግፊያ ውስጥ ቀድሞ ያገኘውን ይይዛል፦ የጥላውን ዘርፍ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቪዲዮ የሚቀርጸውን ሰው ክንድ። ያንን ትቶ ከኋላ ወዳለው ዲያቆን እስኪሻገር ዲያቆኑ ፊቱን አዙሯል።

ለዚህ ግን 3 ሜትርን ሰውነት ማወቅ አለበት። እኔ በአልጋ እለካለሁ፤ አንድ አልጋ ተኩል ማለት ነው። በእርምጃ የሚለካም አለ። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ለዚህ አሠራር ይመቻል፤ አይኤስኦ 400 ፊልም በጠራ ፀሐይ ኤፍ 8 ላይ 1/2000 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤፍኤም2 ሻተሩ እስከ 1/4000 ስለሚደርስ አይቸገርም። ፔንታክስ ኬ1000 ያለው ሰው 1/1000 ላይ ስለሚያበቃበት ሌንሱን ወደ ኤፍ 11 ይዘጋዋል፤ አይጎዳም፣ እንዲያውም የሚጠራው ርቀት ይሰፋለታል።

ገበያው ወደ አውቶ ፎከስ ፊቱን ያዞረው በ1985 እ.ኤ.አ. ሚኖልታ 7000 ሲመጣ ነው። ካኖን በ1987 የቀድሞ ሌንሶቹ የማይገጥሙበት አዲስ መግጠሚያ ይዞ መጣ። ኒኮን ግን የ1959ኙን መግጠሚያ ሳይተው፣ በ2001 እንኳ ኤፍኤም3ኤ የተባለ አዲስ የማኑዋል ፎከስ ካሜራ አወጣ፤ እሱም በ2006 ቆመ። የቀረው ታሪክ የሰብሳቢዎች ነው።

ለእኔ ከሌንሱ ይልቅ የሚያስገርመኝ መመልከቻው ነው። «የድሮውን ሌንስ አውቶ ፎከስ ካሜራ ላይ ብገጥመውስ?» ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። በኒኮን ብዙውን ጊዜ መግጠም ይቻላል፤ የሚቸግረው ማየቱ ነው። የአውቶ ፎከስ ፊልም ካሜራ የመመልከቻ መስታወት የተሠራው ብርሃን ለሚቀንሱት ዙም ሌንሶች እንዲደምቅ ነው። ስለዚህ ኤፍ 1.4 ሌንስ ስትገጥምበት ደብዛዛውን ሁሉ የጠራ አስመስሎ ያሳይሃል፤ ፊልሙ ሲታጠብ ግን ሌላ ነው። የኤፍኤም2 መስታወት ሸካራ ነው፤ ያልጠራውን አልጠራም ይላል። መሐሉ ላይ ለሁለት የተከፈለች ትንሽ ክብ አለች። ፎከሱ ካልሞላ የላይኛው ግማሽና የታችኛው ግማሽ አይገጣጠሙም፤ ቀለበቱን ስታዞር እየተንሸራተቱ ይመጡና አንድ መስመር ይሆናሉ።

ይቺ ክብ የምትፈልገው መስመር ነው። ጉንጭ ላይ ብታነጣጥራት ምንም አትነግርህም። እኔ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ሳነሣ የምይዘው ጥለቱን ነው፤ ከፊታቸው ጎን ቁልቁል የወረደ ጥለት ካለ፣ ክቧ ውስጥ ተሰብሮ ይታይና ቀለበቱ ትክክለኛው ቦታ ሲደርስ ይቀጥላል። ጥለቱ ትከሻ ላይ አግድም ከተኛ አይሰበርም፤ ያኔ ካሜራውን ትንሽ አዘንብዬ ፎከስ አደርግና መልሼ አቀናዋለሁ። አንዲት እናት ይህን አይተው «ምነው ልጄ፣ አንገትህን አመመህ?» ብለውኛል። በነገራችን ላይ ሌንሱ ኤፍ 5.6 ወይም ከዚያ የባሰ ከሆነ የክቧ አንዱ ግማሽ ይጠቁራል፤ ርካሽ ዙም ገጥሞ «ካሜራው ተበላሸ» የሚል ሰው ብዙ ነው።

የዛሬ ሚረርለስ ካሜራዎች በጨለማም ዓይን ፈልገው ያገኛሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ችግሬ ሁልጊዜ ዓይን መፈለጋቸው ነው። ቡና ቀጂዋን ሳነሣ እንዲጠራ የምፈልገው ከጀበናው አፍ የሚወርደው ቡና ሊሆን ይችላል፣ ፊቷ ከኋላ ለስለስ ብሎ እንዲቀር። ዲጂታሉ ግን ፊቷ ላይ ይጣበቃል። ማስለቀቅ ይቻላል፣ ሜኑ ውስጥ ገብተህ፤ እስክትወጣ ስኒዎቹ ሞልተዋል። በኤፍኤም2 ጣቴ ያቆመው ቦታ ላይ ይቆያል፣ ማንም አይነካውም።

እስክስታ ሲጨፈር ግን ማኑዋሉን አልሞክረውም። ወደ ካሜራው የሚሮጥ ሕፃንም እንደዚሁ። ደንበኛ ከፍሎበት ጣቴን የምፈትንበት ምክንያት የለም።

አሁን ይህን ካሜራ የሚገዙ ወጣቶች በዝተዋል፤ አንዳንዱ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥም ቢሆን ይገዛዋል። ከመግዛት በፊት ግን ባትሪውን አውጥቶ ሻተሩን መሞከር ነው። የኤፍኤም2 ባትሪ ለብርሃን መለኪያው ብቻ ስለሆነ ያለ ባትሪም በሁሉም ፍጥነት መሥራት አለበት። ቀጥሎ የርቀት ቀለበቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዞር፤ ቅባቱ የደረቀበት ሌንስ ይከብዳል፣ ይንቀረፈፋል። ከዚያ ቀለበቱን መጨረሻው (∞) ምልክት ላይ አድርጎ ከሱቁ ደጃፍ ወደ እንጦጦ ማነጣጠር። የተራራው ጫፍ ላይ ያለው ዛፍ ክቧ ውስጥ ካልገጠመ፣ የምታየውና ፊልሙ ላይ የሚያርፈው አንድ ላይሆን ይችላል። ጥፋቱ የመስታወቱ አቀማመጥ ወይም የሌንሱ ሊሆን ይችላል። የሌንሱ ብሎኖች አናት ከተፋቀ ግን አንድ ሰው ፈትቶ መልሶ ገጥሞታል፤ እንዲህ ዓይነቱን እኔ አልገዛም።