የውሃ ዕድሜና የበጀት ዓመት

የራያ ቆላ ገበሬ ማሽላውን ሲያጠጣ የኖረው በጎርፍ ነው። ከምዕራቡ ተራራ በጎቡ፣ በሆርማትና በጎሊና በኩል ድንገት የሚወርደውን ደራሽ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ አግዶ ወደ ማሳው ይመልሰዋል፤ ስሙም ጠለፋ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በሸለቆው ደለል ውስጥ ያለው ውሃ በፓምፕ እየተሳበ ለጠብታና ለርጭት መስኖ መዋል ጀመረ። ጎርፉን ገበሬው በዓይኑ ያየዋል፤ መብዛት ማነሱን ያውቃል። የከርሰ ምድሩን ውሃ ግን ማንም አያየውም። የምንስበው በየክረምቱ የሚተካ ነው ወይስ ከቅድመ አያቶቻችን በፊት የተጠራቀመ?

ይህን መሰል ጥያቄ የሚመረምሩ የመንግሥት ፕሮግራሞችን ማቀድና መምራት ሙያዬ ነው። የኑክሌር ፊዚክስ መለኪያ፣ የኮምፒውተር ስሌትና የመንግሥት በጀት በአንድ ዕቅድ ውስጥ ይገናኛሉ። ሦስቱም የየራሳቸው ዘመን አላቸው፤ የዚህ ሙያ ዋና ሥራ ዘመናቸውን ማስታረቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመለኪያው ልጀምር። ትሪቲየም ጨረር አመንጪ ሃይድሮጅን ነው፤ በ12.3 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተጀመሩት የሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራዎች በዓለም ዝናብ ውስጥ መጠኑን አበዙት፤ በ1963 ጣሪያ ነካ። ስለዚህ ትሪቲየም ያለበት ውሃ ቢያንስ በከፊል ሙከራዎቹ ከተጀመሩ ወዲህ የዘነበ ነው። ጨርሶ የሌለበት ግን ከሙከራዎቹ በፊት የሰረገ ነው፤ ከእንዲህ ያለው ጉድጓድ ብዙ መሳብ ቶሎ የማይተካ ቅርስ መብላት ነው።

ኦክስጅን 18 እና ዲዩቴሪየም የተባሉት ከባድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ዓይነቶች (አይሶቶፖች) ደግሞ የውሃውን መነሻ ይጠቁማሉ። ደመና ተራራ ሲወጣ ከባዱ አይሶቶፕ ቀድሞ ስለሚዘንብ የደጋው ዝናብ ከቆላው ይቀላል። ደንቡ ግን በአገራችን እንደ ወረደ አይሠራም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የመዘገበው የአዲስ አበባ ዝናብ ለከተማዋ ከፍታ ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ነው። እንግዲህ የቆቦን ጉድጓድ ውሃ በሌላ አገር የዝናብ ልኬት መፍታት አይቻልም፤ በቆላውና ከበላዩ ባለው ደጋ የራሳችን የዝናብ ናሙና ለዓመታት መሰብሰብ አለበት።

እዚህ ላይ የበጀት ዓመት ይመጣል። የሒሳብ መዝገቡ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ዋናው ዝናብ የሚወርደውም ያን ጊዜ ነው። አዲሱ በጀት ተፈቅዶ፣ ግዥ ተጠይቆ፣ ጨረታ እስኪያልፍ ክረምቱ ያልቃል። ስለዚህ ጠርሙሱ፣ የዝናብ ማጠራቀሚያው፣ ውሃው እንዳይተን ከላይ የሚንሳፈፈው የፓራፊን ዘይት፣ ለናሙና ሰብሳቢው የሚከፈለው ሁሉ ከግንቦት በፊት መጠናቀቅ አለበት። ናሙናው ሳይተን፣ አየር ሳይገባበት ካልታሸገ የትኛውም ላቦራቶሪ ሊያድነው አይችልም። የሐምሌን ዝናብ ያልያዘ ዕቅድ፣ አፈጻጸሙ በሪፖርት መቶ በመቶ ቢባልም፣ የሸለቆውን ጥያቄ አልነካም።

ወደ ስሌቱ ልለፍ። ሸለቆውን በኮምፒውተር ላይ በትንንሽ ሕዋሶች ከፍለን፣ በእያንዳንዱ ምን ያህል ውሃ እንደሚሰርግና በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ እንገምታለን። ችግሩ እርስ በርሳቸው የሚለያዩ ብዙ ግምቶች ከተለካው የውሃ ከፍታ ጋር እኩል መስማማታቸው ነው። መፍትሔው ከኑክሌር ቤተ ሙከራ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሎስ አላሞስ እነ ስታኒስላው ኡላም፣ ጆን ፎን ኖይማንና ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ኒውትሮን በቁስ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ለማስላት ዕጣ እያወጡ ደጋግመው የሚሞክሩበትን ስልት ቀየሱ፤ ሞንቴ ካርሎ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1948 ኤኒያክ በተባለው ኮምፒውተር ላይ ተሠራበት። እኛም ሞዴሉን በሺህ ግምቶች ሺህ ጊዜ እናስኬዳለን። የምናገኘው አንድ ቁጥር ሳይሆን የቁጥሮች ክልል ነው። ትሪቲየሙ ክልሉን ያጠብበዋል፤ ውሃው አሮጌ ሆኖ ሳለ በጥቂት ዓመት ተራራውን ለቆ ጉድጓዱ ደረሰ የሚል ግምት ይወድቃል።

ውሳኔ ሰጪው ግን ስንት ጉድጓድ ልቆፍር ብሎ አንድ ቁጥር ይጠይቃል። ቢቸኩል አልፈርድበትም፤ ከበላዩ ዕቅድ፣ ከበታቹ የተጠማ ማሳ አለ። የእኔ ግዴታ ክልሉን ከነስፋቱ ይዤለት መቅረብ ነው፤ ይህን ያህል ብንቆፍር በአብዛኞቹ ግምቶች የውሃው ከፍታ አይወርድም፣ ከዚህ ካለፍን ይወርዳል፣ ጥርጣሬውን የሚቀንሰው ይህ ልኬት ነው ብዬ። ጥርጣሬውን ደብቄ አንድ ቁጥር ባቀብል ሥጋቱን የሚሸከመው ገበሬው ነው።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ቡድን እንዴት ይደራጅ? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 በኢነርጂ መሥሪያ ቤቷ በኩል ሳይዳክ የተባለ ፕሮግራም ስትጀምር የፊዚክስ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር ባለሙያዎችን በአንድ ፕሮጀክት አሠለፈች። ከዚያ የምወስደው የማሽኖቹን ግዝፈት አይደለም፤ ለአንድ ሸለቆ ሞዴል ጥሩ ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ ብዙ ይጓዛል። የምወስደው አደረጃጀቱን ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያውና ፕሮግራም ጸሐፊው ከቢጋሩ ጀምሮ አብረው ይሥሩ። ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚጽፈው ኦፕሬተርም ሦስተኛው የምርምር አባል ይሁን። የእሱ መዝገብ ከሌለ ሺህ ጊዜ የሮጠው ሞዴል ምን ያህል ውሃ እንደወጣ አያውቅም።

መረጃም እንደ ውሃው ጠባቂ ይፈልጋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦ ሲያልፍ በአንድ ቢሮ ብቻ የተቀመጠ ማንኛውም መዝገብ ከቢሮው ጋር ለአደጋ የተጋለጠ ነበር። የናሙናው ውጤት፣ የጉድጓዱ ታሪክና የሞዴሉ ኮድ ቆቦ፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ እንዲቀመጡ በዕቅዱ ውስጥ ወጪ ሊያዝ ይገባል።

የፕሮግራም ዕድሜ አጭር ነው፤ በደለሉ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ዕድሜው ከአስተዳዳሪዎች ሁሉ ይረዝማል። ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በሸለቆው አዲስ የመስኖ ጉድጓድ ሲፈቀድ፣ ከቁፋሮው ወጪ ላይ ለክትትል ጉድጓድ፣ ለናሙናና ለመዝጋቢው ደመወዝ የሚሆን ድርሻ በዚያው ውል ይቀመጥ። ውጤቱም በየዓመቱ ውሃውን ለሚጠቀሙት ማኅበራት በቀበሌያቸው ይነገር። ቁፋሮው ሲያልቅ ልኬቱ አብሮት ካላለቀ ጥናቱን በሚገባ መርተነዋል ማለት እንችላለን።