«ፊርማ» ወይስ «መልክ»? በሃይፐርስፔክትራል ምስል ሙያዊ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

ሙያዊ ቃል የሚተረጎመው ከነገሩ ነው። ከቃሉ ድምፅ ወይም ከክፍለ ቃሉ ብቻ የሚነሣ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ ያማረ ስያሜ ይዞ የተዛባ ሐሳብ ያስተላልፋል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ዛሬ ለእርሻና ለማዕድን ፍለጋ አገልግሎት የዋለው ሃይፐርስፔክትራል የሳተላይት ምስል ነው።

አስቀድሞ ነገሩን ማስረዳት ያሻል። የፀሐይ ብርሃን በዐለት፣ በአፈርና በቅጠል ላይ አርፎ ሲንጸባረቅ ከፊሉ በቁሱ ይዋጣል፤ በየትኛው የሞገድ ርዝመት ምን ያህል እንደሚዋጥ በአብዛኛው የሚወሰነውም ቁሱ ከምን እንደ ተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በመጠቀችው ላንድሳት 1 ላይ የነበረው ብዝኀ ስፔክትራዊ መቃኛ ይህን ብርሃን የሚመዘግበው በ4 ሰፋፊ ክፍሎች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢኦ-1 ሳተላይት የመጠቀው ሃይፐርዮን ግን ከ0.4 እስከ 2.5 ማይክሮሜትር ያለውን የሞገድ ርዝመት እያንዳንዳቸው 10 ናኖሜትር ያህል ስፋት ባላቸው 220 ክፍሎች መዘገበ። የኢኦ-1 አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2017 ካበቃ በኋላም የኢጣልያ ፕሪዝማ በ2019፣ የጀርመን ኤንማፕ ደግሞ በ2022 መጥቀዋል። ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። ክፍሎቹ ጠባብና እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ ያልተቋረጠ የነጸብራቅ መስመር መሳል ይቻላል።

እንግዲህ ለተርጓሚ እጅ የሚቀርበውን «ልዕለ ኅብረ ቀለም» የተባለ አቻ እንመርምር። «ልዕለ» በግዕዝ «በላይ» ማለት ስለሆነ አንባቢው ከኅብረ ቀለም በላይ የሆነ ሌላ ነገር እንዳለ ይገምታል። «ቀለም» የሚለውም ያሳስታል፤ የሰው ዐይን የሚያየው ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ገደማ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ለማዕድን ፍለጋ እጅግ ጠቃሚ የሆኑት ምልክቶች ከዚያ ወዲያ ናቸው። ካኦሊናይትና ካልሳይት ሁለቱም ለዐይን ነጭ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን የፊተኛው በ2.2፣ የኋለኛው በ2.34 ማይክሮሜትር አካባቢ ብርሃን ስለሚውጡ ይለያያሉ። «ኅብር» ብቻውን ይቁም ቢባልም በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር የሚሸከምበት መንገድ ስም ነው። ለባለቅኔ ጌጥ የሆነው ይህ ጠባይ ለሙያ መዝገበ ቃላት ጠንቅ ነው። ስለሆነም በፊዚክስ ትምህርት የታወቀውን «ስፔክትረም» ይዞ «ጥቅጥቅ ስፔክትራዊ ምስል» ማለት ይሻላል። «ጥቅጥቅ» ብዛትንም መያያዝንም ይገልጻልና። ልዩነቱን መጠበቅ ለእኛም ይጠቅመናል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ ኢቲአርኤስኤስ-1 ብዝኀ ስፔክትራዊ እንጂ ጥቅጥቅ ስፔክትራዊ አልነበረችም። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ጽሑፍ ሳተላይቷ ያልተሠራችበትን ሥራ ይጠብቅባታል።

ሁለተኛው ችግር «ባንድ» ነው። «ሞገድ» ተብሎ ቢተረጎም ክፍሉን ከሚከፈለው ነገር ጋር ያደባልቃል፤ «ክልል» ቢባል ዛሬ የአስተዳደር ትርጉሙ ይቀድማል። «መደብ» ግን በአትክልት ቦታ ጎን ለጎን የሚበጁትን ጠባብ እርከኖች ስለሚያስታውስ፣ «የሞገድ መደብ» ቢባል ነገሩ ለግብርና ባለሙያ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከፋው «ስፔክትራዊ ፊርማ» ነው። ፊርማ ሰው ፈቅዶ በወረቀት ላይ የሚያኖረው፣ በተጻፈ ቍጥርም ያው መሆን የሚጠበቅበት ምልክት ነው። «አሻራ» ቢባልም አይለወጥም፣ ከሌላም አይገጥምም የሚል ተስፋ ይሰጣል። የሰብል ነጸብራቅ እንዲህ አይደለም። ጤናማ የስንዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከ0.7 ማይክሮሜትር አካባቢ ጀምሮ ግን ነጸብራቁ በድንገት ሽቅብ ይወጣል። ናይትሮጅን ሲያንሰውና አረንጓዴ ሐመልማሉ ሲቀንስ ይህ ዳገት ወደ አጭሩ የሞገድ ርዝመት ይሸሻል፤ ዕድሜ፣ እርጥበትና በስንዴው መካከል የሚታየው አፈርም መስመሩን ይለውጡታል። መሣሪያው ለእርሻ የሚጠቅመውም ይህን ለውጥ ስለሚያሳይ ነው። ሰው ሲታመም መልኩ ይለወጣል፤ ሆኖም የሚያውቀው ሰው ይለየዋል፣ መታመሙንም ከመልኩ ያነብባል። ስለዚህ «የነጸብራቅ መልክ» ከ«ፊርማ» ይልቅ ለነገሩ የታመነ ስያሜ ነው።

በመጨረሻ ስለ ግሡ። «ሳተላይቷ ወርቅ አገኘች» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሰዋስው አንጻር እንከን የለውም፤ በሙያው ግን ሐሰት ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት የሚገኘው ኩፕራይት የዚህ ጥበብ ዋና መፈተኛ ስፍራ ሲሆን፣ ኤቪሪስ የተባለው የአውሮፕላን መሣሪያ በዚያ እንደ አሉናይትና ካኦሊናይት ያሉ፣ በሙቅ ፈሳሽ ምክንያት ዐለት ሲለወጥ የሚፈጠሩ ማዕድናትን ለይቷል። እነዚህ ባለሙያውን ወደ ክቡር ማዕድን ሊመሩት ይችላሉ፤ በዐለት ውስጥ በጥቂቱ ተበትኖ የሚገኝ ወርቅ ግን በምስሉ በቀጥታ አይታይም። መሣሪያውም የሚያነበው የምድርን ገጽ እንጂ ከአፈርና ከደን በታች ያለውን አይደለም። ስለሆነም «ታመለክታለች» እንጂ «ታገኛለች» ማለት አይገባም። በአንድ ካርታ ማብራሪያ ላይ ግሡ ቢሳሳት ገንዘብ በባዶ ጕድጓድ ላይ ይፈስሳል፤ ገበሬም ያለ ምክንያት ከማሳው ሊነሣ ይችላል።

«ስፔክትረም» ባዕድ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ይቀራል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የአገር ቃል መቅደሙ ተገቢ ነው፤ የሚቀድመው ግን ሐሳቡን መሸከም ሲችል ነው። «መልክ»ና «መደብ» ይችላሉ፤ «ኅብረ ቀለም» አይችልም። መመዘኛው ለሦስቱም አንድ ነው።