እርጅናን ማን ይጻፈው? የኤሪክሰኖች «ዘጠነኛ ደረጃ» ሲመዘን

ስለ ሰው ልጅ ሥነ ልቦናዊ ዕድገት ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሕፃንና ጎረምሳ ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት «ቻይልድሁድ ኤንድ ሶሳይቲ» ዕድገት እስከ እርጅና ድረስ በስምንት ደረጃዎች እንደሚቀጥል ጻፉ። በየደረጃው ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይታገላሉ። ሕፃኑ ዓለምን በማመንና በመጠራጠር መካከል ነው። አረጋዊው ደግሞ ዞር ብሎ ያለፈ ሕይወቱን ያያል፤ ወይ ከነጉድለቱ ይቀበለዋል፣ ወይ ተስፋ ይቆርጣል።

ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን ኤሪክሰን ይህን ሲጽፉ ገና 50 ዓመት አልሞላቸውም። ምህንድስና የተማረ ሰው ይህ ይቆረቁረዋል። ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ብቻ የተፈተሸ ቴርሞሜትር 90 ላይ የሚያሳየውን ቁጥር ዝም ብለን አናምንም። ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን እዚያ አልተፈተሸም።

ፍተሻው የመጣው ከገዛ ቤታቸው ነው። ኤሪክሰን በ1994 ካረፉ በኋላ፣ «ዘ ላይፍ ሳይክል ኮምፕሊትድ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1997 ተስፋፍቶ ታተመ። አዳዲሶቹን ምዕራፎች የጻፉት ባለቤታቸውና የሥራ አጋራቸው ጆአን ኤሪክሰን ናቸው፤ ያኔ በ90ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። ዘጠነኛ ደረጃም ጨመሩ።

ጆአን እንደሚሉት፣ በ80ዎቹና በ90ዎቹ ዕድሜ ተስፋ መቁረጥ ያለፈውን የመመዘን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዛሬ ጉዳይ ነው። ጉልበት ይከዳል፣ ወዳጅ ዘመድ ያልቃል። በልጅነት ያለፉ ትግሎች ተመልሰው ይመጣሉ፣ ያውም ክፉው ጎናቸው ቀድሞ። የገዛ ሰውነትን ማመን ያዳግታል፤ በራስ ጉዳይ ላይ ልጆችና ሐኪሞች ይወስናሉ። የምዕራፉ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፦ አብረው የሠሩትን ሞዴል ራሳቸው ደርሰው ባዩት ነገር አረሙት።

ታዲያ ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ማስረጃው ስስ ነው። ባልና ሚስቱ በ1986 ከሄለን ኪቭኒክ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ ብዙ አረጋውያንን አነጋግረዋል፤ እዚህ ግን በዋናነት የምንሰማው የአንድ ሰው ተሞክሮ ነው። «ክፉው ጎን ይቀድማል» የሚለውንም የሚሞግቱ ጥናቶች አሉ። የላውራ ካርስተንሰንና የባልደረቦቻቸው ሥራ እንደሚያሳየው፣ ዕድሜ ሲገፋ የወዳጅ ቁጥር የሚቀንሰው ሁልጊዜ በመገለል አይደለም። ቀሪው ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማቸው ሰዎች ራሳቸው የቅርባቸውን መርጠው ያስቀራሉ። ስሜታቸውም በአማካይ ከወጣቶች ይልቅ የተረጋጋ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ይከብዳል። ጆአን የአሜሪካ ማኅበረሰብ አረጋውያንን ገለል ያደርጋል ብለው ይወቅሳሉ፤ ግን ሰውነት ያመጣውን ችግር ማኅበረሰብ ካመጣው አይለዩትም። አንዲት አዛውንት ፎቅ መውጣት ቢያቅታቸው ጥፋቱ የጉልበታቸው ነው ወይስ መደገፊያ የሌለው ደረጃ? የራሳችንን ቋንቋ እንኳ ተመልከቱ። «ሽማግሌ» ስንል ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ሥራም ነው፤ ያስታርቃል፣ ይመክራል። «አሮጊት» ስንል ግን ዕድሜው ብቻ ይቀራል። ሁለቱም እኩል አርጅተዋል፤ ልዩነቱን ያመጣው ሰውነት አይደለም።

ያም ሆኖ መጽሐፉ መነበብ አለበት። ስታነቡት በእያንዳንዱ ችግር ጎን አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ ይህን ያመጣው ዕድሜ ነው ወይስ እኛ? እኛ ያመጣነውን ማስተካከል የእኛው ሥራ ነው፤ ለዚያ ደግሞ 90 ዓመት እስኪሞላን መጠበቅ የለብንም።